አጥር የንጽሕና ወሰን ነውን? ስለ ቤት እንስሶቻችን ጥራጊና ስለ ባልንጀራ ፍቅር



በዚህ እትም የምናነሣው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት ለመንፈሳዊ መጽሔት የሚበቃ አይመስልም። ስለ ውሻ፣ ስለ ድመት፣ ስለ ዶሮ፣ ስለ በግና ስለ ላም ዓይነ ምድር እንነጋገራለን። አንዳንዱ አንባቢ «ካህናት የሚጽፉት ጠፍቷቸው ነውን?» ይል ይሆናል። ሆኖም ቅዱስ መጽሐፍ ራሱ ከዚህ ጉዳይ አልሸሸም። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 23 እስራኤላውያን ለመጸዳዳት ከሰፈር እንዲወጡ፣ ከመሣሪያቸው ጋር በሚይዙት መቆፈሪያም ምሰው እንዲሸፍኑ ያዛል። ምክንያቱንም ሲሰጥ የሚያነሣው የጤናን ነገር ሳይሆን እግዚአብሔር በሰፈሩ መካከል የሚመላለስ መሆኑን ነው። በመጽሐፈ ጦቢት ደግሞ ጻድቁ ሰው ዓይኑ የጠፋው የወፍ ኩስ ወድቆበት እንደሆነ፣ ልጁ ጦብያም ወደ ሩቅ አገር ሲጓዝ ውሻው ተከትሎት እንደሄደ ተጽፏል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 በሚገኘው ምሳሌ ውስጥም የአትክልቱ ሠራተኛ ፍሬ ላላፈራችው በለስ የአንድ ዓመት ጊዜ ሲለምንላት ዙሪያዋን ሊኮተኩትና ፍግ ሊያደርግላት ቃል ይገባል። እነዚህ ሦስት ቦታዎች ሦስት ነገር ያስተምሩናል። ጥራጊ የሚሸፈን ነገር ነው፤ ጥራጊ ሊጎዳ የሚችል ነገር ነው፤ ጥራጊ በሥርዓት ሲያዝ ደግሞ ለሌላው ሕይወት የሚሆን ነገር ነው።

ወደ ነገሩ የመራን አንድ አጋጣሚ ስለሆነ በእርሱ እንጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኛ ራሳችን በምንኖርበት ግቢ ሁለት ጠባቂ ውሾች፣ አንዲት ድመትና ጥቂት ዶሮዎች ነበሩ። ዘበኛው በየማለዳው ግቢውን በውሃ ያጥብና እጣቢውን በአጥሩ ሥር ባለው ቀዳዳ ወደ መንገድ ዳር ቦይ ይለቅቀው ነበር። እንግዶች ሲመጡ የግቢውን ንጽሕና ያደንቃሉ፤ እኛም በዚህ ደስ ይለን ነበር። አንድ ቀን ከቦዩ በታች የሚኖሩ አንዲት እናት ስለ ሌላ ጉዳይ ሊያነጋግሩን መጡና ሲሰናበቱ በር ላይ ቆም ብለው «አባታችን፣ ይፍቱኝና ልናገር፤ የእርስዎ ግቢ የሚጸዳው እኮ በእኛ ደጅ ላይ ነው» አሉን። የልጅ ልጃቸው በዚያ ቦይ ዳር ተቀምጦ እንደሚጫወት ኋላ ሄደን አየን። ለእኒያ እናት በዚያች ቅጽበት የምንሰጠው መልስ አልነበረንም። ይህ ጽሑፍ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው ለማለት ይቻላል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፡- የእኔ የሆነው እንስሳ ጥራጊ የማን ነው? የባለቤትነት ኃላፊነት በአጥር ያበቃልን? ወይስ ጥራጊው እስከ ደረሰበት ድረስ ይከተላል?

ይህ ጥያቄ በአቃቂ ቃሊቲ ከሌላው ቦታ ይልቅ ይከብዳል። ከእንጦጦ ተራሮች የሚወርዱት ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች ከተማውን አቋርጠው ወደ ደቡብ ይፈስሳሉ፤ በመጨረሻም በአባ ሳሙኤል ግድብ ሐይቅ ይገናኛሉ። አዲስ አበባ የምትጥለው ሁሉ የሚያልፈው በዚህ በኩል ነው። የወንዞቹን ውሃ ይበልጡን ያበላሸው የፋብሪካ ፍሳሽና ከመኖሪያ ቤቶች የሚወጣው የሰው ፍሳሽ እንጂ የውሻና የዶሮ ጥራጊ አለመሆኑን በቅድሚያ መናገር ፍትሐዊ ነው። ነገር ግን በወንዙ ዳርና ዳር ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ የሚያለሙ ገበሬዎች በዚሁ ውሃ ያጠጣሉ፤ ያንኑ አትክልት ደግሞ መላው ከተማ ይበላዋል። የከተማውን ሕዝብ የሚያጠጡት ታላላቅ የጉድጓድ ውሃዎችም በዚሁ በአቃቂ ይገኛሉ። ስለዚህ በላይኛው ሰፈር «ሄደ» የተባለው ነገር ሁሉ እዚህ «መጣ» ይባላል። የዚህ አካባቢ ነዋሪ የሌላው ሰው ጥራጊ በደጁ ሲያልፍ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃልና፣ የራሱንም ወደ ሌላው ደጅ ላለመስደድ ከሌላው ይልቅ ቅርብ መሆን ይገባው ነበር።

በጉዳዩ ላይ ብዙ ጊዜ ከሰዎች የሰማናቸው ሦስት አስተያየቶች አሉ። እያንዳንዳቸው የራሳቸው እውነት ስላላቸው ተራ በተራ መመርመር ይገባል።

የመጀመሪያው «ይህ የተፈጥሮ ነገር ነው» የሚለው ነው። እንስሳ በልቶ ይጥላል፤ አፈሩ ይቀበለዋል፤ እግዚአብሔር የፈጠረው እንዲሁ ነው ይላሉ። በእርግጥም በዱር እንዲህ ነው። የዱር አውሬ በሰፊ መሬት ይዘዋወራል፤ የጣለውንም ጥንዚዛው እያንከባለለ ይወስደዋል፤ ዝናቡና ፀሐዩ ያፈርሱታል። በግቢ የታሰረ ውሻ ግን የዱር አውሬ አይደለም። ያመጣነው እኛ፣ ያሰርነው እኛ፣ የምንመግበውም እኛ ነን። በጠባብ ቦታ የሚከማቸውም በተፈጥሮ ፈቃድ ሳይሆን በእኛ ፈቃድ ነው። ቅዱስ አውግስጢኖስ እንዳስተማረው ክፋት በራሱ የቆመ ባሕርይ የለውም፤ መልካሙ ነገር ሥርዓቱን ሲያጣ የሚፈጠር ጉድለት ነው። እበት በእርሻ ላይ በረከት ነው፤ በውሃ ውስጥ ግን መርዝ ይሆናል። ነገሩ አንድ ሆኖ ሳለ የተለወጠው ቦታውና ሥርዓቱ ነው። ቦታውን የሚመርጠው ደግሞ እንስሳው ሳይሆን ሰው ስለሆነ ተጠያቂነቱም የሰው ነው።

ሁለተኛው «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚለው ነው። ይህም ከፊል እውነት አለው። አንድ ቤተሰብ ብቻውን የፍሳሽ መስመር ሊዘረጋ አይችልም። ነገር ግን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ እ.ኤ.አ. በ1931 ባወጡት ዐዋዲ መልእክት እንዳስተማሩት ታናሹ አካል በራሱ ሊሠራው የሚችለውን ታላቁ አካል ሊወስድበት አይገባም፤ ታናሹ ያልቻለውን ግን ታላቁ ሊደግፈው ግዴታ አለበት። የሁለት ውሾችን ጥራጊ በአካፋ ማንሣት ከአንድ ቤተሰብ አቅም በላይ አይደለም። የአገራችን ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ለሁሉም ሲሰጥ፣ በአንቀጽ 92 አካባቢን የመጠበቅን ግዴታ በመንግሥትና በዜጎች ላይ በአንድነት ጥሏል። መብቱን ከመንግሥት እየጠየቅን ግዴታውን ለመንግሥት ብቻ መተው ትክክለኛ ሚዛን አይሆንም።

ሦስተኛው «የእኔ ትንሽ ነው፤ ምን ይጎዳል?» የሚለው ነው። ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ብርታት ያለው ይመስላል። እስኪ በቁጥር እንየው። አንድ መካከለኛ ውሻ በቀን ወደ 300 ግራም ገደማ ይጥላል፤ በዓመት ከ100 ኪሎ ግራም ያልፋል ማለት ነው። በአንድ መንደር ውስጥ 20 ውሾች ቢኖሩ በዓመት ከ20 ኩንታል በላይ ይሆናል። እያንዳንዱ ባለቤት «የእኔ ትንሽ ነው» ሲል እውነቱን ነው፤ ቦዩ ግን የሚቀበለው የሁሉንም ድምር ነው። ከዚህም ሌላ ጉዳቱ በክብደት ብቻ አይለካም። በውሻ አንጀት የሚኖር ቶክሶካራ የተባለ ወስፋት የሚጥለው እንቁላል በዓይን የማይታይ ሲሆን፣ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። በአፈር የሚጫወት ሕፃን እጁን ሳይታጠብ ወደ አፉ ሲወስድ ሊይዘው፣ አልፎ አልፎም ዓይኑን ሊጎዳው ይችላል። ስለዚህ ትንሽነት በራሱ ንጽሕና አይደለም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት «ውዳሴ ላንተ ይሁን» በተባለው ዐዋዲ መልእክታቸው በየዕለቱ የሚፈጸሙ ጥቃቅን የጥንቃቄ ሥራዎች ትልቅ ዋጋ እንዳላቸው አስተምረዋል። ትንሹ በጎ ሥራ ዋጋ ካለው ትንሹ ቸልተኝነትም ዋጋ አለው።

እነዚህን ከመለስን በኋላ ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ። ቅዱስ ቶማስ አኵዊናስ በሱማ ቴኦሎጂያ ስለ ንብረት ሲያስተምር ሁለት ነገሮችን ይለያል። ሰው አንድን ነገር የራሱ አድርጎ ሊይዝና ሊያስተዳድር ይፈቀድለታል፤ አጠቃቀሙን በሚመለከት ግን ነገሩን የብቻው ሳይሆን የጋራ እንደሆነ ቆጥሮ ለተቸገረ ለማካፈል ዝግጁ መሆን ይኖርበታል። ይህም ማለት ይዞታው የግል ቢሆንም ጥቅሙ ወደ ሌላው ይመለከታል ማለት ነው። አሁን ግን ብዙዎቻችን የምናደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ጥቅሙን ለብቻችን ይዘን ጉዳቱን የጋራ እናደርገዋለን። ላሚቱ የምትሰጠው ወተት የእኛ ነው፤ የበረቱ እጣቢ ግን የመንደሩ ነው። ውሻው የሚጠብቀው የእኛን ንብረት ነው፤ ጥራጊው የሚደርሰው ግን ሌባ የሚወስድበት ንብረት ወደሌለው ጎረቤት ነው። ቅዱስ ቶማስ ለድሀው ያሰበውን ድርሻ እኛ በዚህ መልክ ከፈልነው ማለት ነው።

የካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ለፍጥረት ስለሚገባው ክብር የሚያስተምረው ስርቆትን በሚከለክለው በሰባተኛው ትእዛዝ ሥር መሆኑን ብዙዎቻችን ልብ አላልነውም። ለምን በዚያ ሥር ሆነ ብለን ብንጠይቅ መልሱ ከላይ በተነገረው ይገኛል። የባልንጀራውን ደጅ ንጹሕ አየር፣ የሕፃኑን መጫወቻ፣ የገበሬውን የመስኖ ውሃ የሚያበላሽ ሰው አንድ ነገር ከእነርሱ ወስዷል። የወሰደው በእጁ ባለመታየቱ ብቻ መውሰዱ አይቀርም። የወሰደ ደግሞ ሊመልስ ይገባዋል፤ ንስሐ ያለ ካሣ ምሉዕ አይሆንምና።

«ታዲያ ይህ ኃጢአት ተብሎ ለንስሐ የሚቀርብ ነውን?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። እዚህ ላይ የኅሊናን ሸክም ያለ አግባብ ማክበድ አይገባም። ያላወቀ ሰው ባላወቀው አይፈረድበትም። አውቆም ሌላ መንገድ ያጣ ሰው አለ፤ የእርሱ ነገር በኋላ ይመጣል። ነገር ግን ጥራጊው የት እንደሚደርስ እያወቀ፣ ማንሣትም እየቻለ፣ የሌሊት ጨለማን ወይም የክረምትን ጎርፍ ጠብቆ ወደ ቦይ የሚለቅ ሰው በባልንጀራው ላይ በደል ፈጽሟል። ጨለማ መጠበቁ ራሱ ኅሊናው እንዳልተኛ ይመሰክርበታል።

አባቶቻችን በዚህ ጉዳይ ከእኛ ይልቅ ጥበበኞች ነበሩ ብንል ማጋነን አይደለም። ቋንቋችን ራሱ ምስክር ነው። የላሙን እበት፣ የፈረሱንና የአህያውን ፋንድያ፣ የበጉንና የፍየሉን በጠጥ፣ የዶሮውን ኩስ እንላለን። ደርቆ ለማገዶ ሲሆን ኩበት፣ በስብሶ ለእርሻ ሲሆን ፍግ ይባላል። ስም የተሰጠው ለሚያገለግል ነገር ነው። አውድማው በእበት ይለቀለቅ፣ ጎተራው በእበት ይመረግ፣ እንጀራው በኩበት ይጋገር ነበር። በጉራጌ፣ በሀድያና በከምባታ ምድር ደግሞ የበረቱ ጥራጊ በየዕለቱ ተለቅሞ ወደ እንሰቱ ጓሮ ይወሰዳል፤ እንሰቱ ቤተሰቡንና ከብቱን ይመግባል፤ ከብቱም መልሶ እንሰቱን ይመግባል። ከዚያ አካባቢ መጥተው በአቃቂ የሚኖሩ ምእመናን ይህን ከእኛ በላይ ያውቁታል። የውሻና የድመት ጥራጊ ግን የራሱ ልዩ ስም አላገኘም፤ ለማገዶም ለእርሻም አልዋለምና። በገጠር ውሻው ወደ ሜዳ ስለሚወጣ ችግሩ አልታየም። ወደ ከተማ ስንገባ ውሻውን ይዘን መጣን፤ ሜዳውን ግን ይዘን አልመጣንም። ስለዚህ አባቶቻችን ያላወረሱንን አንድ ሥርዓት እኛ መሥራት ይኖርብናል።

ሥርዓቱም እንደ እንስሳው ይለያያል።

ስለ ውሻ። ጥራጊውን በየዕለቱ በአካፋ ማንሣት፣ አመድ ወይም ሰጋቱራ ነስንሶ በጉድጓድ መክተት ይገባል። ጉድጓዱ ከውሃ ጉድጓድና ከቦይ የራቀ ይሁን። የአቃቂ አፈር ብዙው መረሬ በመሆኑ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ደግሞ ውሃ ቋጥሮ አያሳልፍም። ስለዚህ አፉ በአፈር ከፍ ተደርጎ ክዳን ሊኖረው ያስፈልጋል፤ አለዚያ በሐምሌ ሞልቶ ይፈስሳል። ሥሩ የተቆረጠ አሮጌ በርሜል ከፊሉን ቀብሮ መጠቀምም ይቻላል። ደረቅ የመጸዳጃ ጉድጓድ ያለው ሰው በዚያ ቢጨምረው ሌላ ጉድጓድ መቆፈር አያሻውም። የውሻና የድመት ጥራጊ ግን ለጎመን፣ ለሰላጣና ለካሮት ማዳበሪያ ፈጽሞ አይሁን፤ በውስጡ ያሉት የወስፋት እንቁላሎች በቀላሉ አይሞቱምና። እዚህ ላይ ስለ በዓላችንም አንድ ነገር እንጨምር። በፋሲካና በገና በግ በየቤቱ ሲታረድ፣ ውሃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ለውሻ ይጣላል። በዚያ ውሃ ውስጥ ያለው ዘር በውሻው አንጀት ወደ ኮሶ ትል ያድጋል፤ ከውሻው ዓይነ ምድር የሚወጣው እንቁላል ደግሞ መልሶ በጉንም ሰውንም ይይዛል። ሃይዳቲድ የተባለው በሽታ የሚዛመተው በዚህ መንገድ ነው። እንዲህ ያለውን ሥጋ በጥልቅ መቅበር ወይም ደኅና አድርጎ መቀቀል፣ ለውሻውም በእንስሳት ሐኪም ምክር የትል መድኃኒት መስጠት ከሥሩ መከላከል ነው።

ስለ ድመት። አመድ ወይም ሰጋቱራ ያለበት ሣጥን አዘጋጅቶ በየዕለቱ ማጽዳት ያስፈልጋል። ቶክሶፕላዝማ የተባለው ተሕዋስ ከድመት ከወጣ በኋላ ለመበከል ቢያንስ አንድ ቀን ስለሚፈጅበት በየዕለቱ ማንሣት ትርጉም አለው። ነፍሰ ጡር ሴት ግን ይህን ሥራ ለሌላ ሰው ትተው፤ በፅንሱ ላይ ጉዳት ሊያስከትል ይችላልና።

ስለ ዶሮና ስለ በግ። የዶሮ ኩስ ትኩስ ሆኖ ከተክል ሥር ቢደረግ ተክሉን ያቃጥለዋል። ከገለባና ከቅጠል ጋር ተደባልቆ፣ እየተገላበጠና እርጥበቱ እየተጠበቀ ለጥቂት ወራት ሲቆይ ግን ጥሩ ፍግ ይሆናል። በሥርዓት የተከመረ ክምር በውስጡ ከ55 ዲግሪ በላይ ስለሚሞቅ ብዙውን ተሕዋስ ይገድላል። የበጉ በጠጥና በበዓል ቀን ከሆዱ የሚወጣው ፈርስም በዚሁ ክምር ሊገባ ይችላል፤ በየዓመቱ በበዓል ማግሥት በመንገድ ዳር የምናየው ሁሉ ከዚህ የተነፈገ ፍግ ነው።

ስለ ላም። አንዲት የወተት ላም በቀን 20 ኪሎ ግራም ገደማ እበት ትጥላለች። አራት ያህል ከብቶች ያሉት ቤተሰብ የባዮጋዝ ጉድጓድ ቢያሠራ ለምግብ ማብሰያ የሚሆን ጋዝ ያገኛል፤ ከጉድጓዱ የሚወጣው ዝቃጭም ለእርሻ ይሆናል። በአገራችን ብሔራዊው የባዮጋዝ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ብዙ ቤተሰቦችን በዚህ ሲያስጠቅም ቆይቷል። ኩበት መሥራት የብዙ ድሀ እናቶች መተዳደሪያ ስለሆነ አንነቅፈውም። ሆኖም ጢሱ ዓይንንና ሳንባን ይጎዳል፤ ለአፈር የሚገባውም ምግብ አብሮ ይቃጠላል።

ከውጭው ዓለም ልምድም የምንማረው አለ። የኒው ዮርክ ከተማ ነዋሪዎች የውሻቸውን ጥራጊ እንዲያነሡ የሚያስገድደው ሕግ እ.ኤ.አ. በ1978 ሥራ ላይ ሲውል ብዙዎች ተቃውመውት ነበር፤ ዛሬ ግን ባለ ውሻው ሁሉ የለመደው ነገር ሆኗል። ይህ ሥርዓት በልማድ እንደሚጸና ያሳየናል። ዳሩ ግን በዚያ ጥራጊው የሚነሣው በፕላስቲክ ከረጢት ነው። በፌስታል የታሰረ ጥራጊ አፈር አይሆንም፤ ከዓይናችን ብቻ ይጠፋል። በአገራችንም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዋጅ በ2017 ዓ.ም. አጽድቋል። ያረጀ ጋዜጣ፣ አመድና አካፋ ለዚህ ሥራ ይበቃሉ። ትምህርተ ክርስቶስም እንስሳትን ያለ ምክንያት ማሠቃየት ለሰው ክብር እንደማይገባ፣ የሰውን ችግር ለማቃለል መዋል የሚገባውን ገንዘብ ለእንስሳት ማዋልም እንደማይገባ በአንድ ቦታ ያስተምራል። ስለዚህ በአንድ በኩል ከውጭ በመጣ ውድ ዕቃ ኅሊናችንን አንግዛ፤ በሌላ በኩል ደግሞ «ችግሩ ውሻው ነው» ብለን በመርዝ አንግደል። ጥፋቱ የእንስሳው አይደለምና።

«ከዓይን ጠፋ» የሚለው አባባል እስከ ምን ሊያደርስ እንደሚችል መላው አገራችን አይቷል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ወገኖቻችንን ቀብሯል። እኛ ሁላችን በየበኩላችን ከግቢያችን ያወጣነው ነገር ነበር በእነርሱ ላይ የወረደው። «ውጭ» የምንለው ቦታ ሁሉ ለአንድ ሰው «ቤት» መሆኑን ከዚያ ዕለት የበለጠ ያስተማረን የለም።

አሁን ወደ ድሀው እንመለስ። በጠባብ የኪራይ ቤት የሚኖር፣ ጉድጓድ የሚቆፍርበት አንድ ክንድ መሬት የሌለው ሰው ብዙ ነው። ለእርሱ «ቆፍረህ ቅበር» ማለት ፌዝ ይሆናል። እዚህ ላይ ግዴታው መሬት ወዳለው ይዞራል። ሰፊ ግቢ ያላቸው ቤተሰቦች፣ ትምህርት ቤቶችና ከሁሉም በፊት ቁምስናዎቻችን ለጎረቤት የሚሆን የጋራ ጉድጓድና የፍግ ክምር ቢያዘጋጁ ታላቅ የፍቅር ሥራ ነው። ዕድሮቻችን ለቀብር እንደሚተባበሩ ለዚህም ሊተባበሩ ይችላሉ። ካቶሊኩ፣ ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙና ፕሮቴስታንቱ በአንድ ቦይ ዳር እንደሚኖሩ ሁሉ በአንድ ጉድጓድም ሊረዳዱ ይችላሉ።

ስለ ራሳችን የጀመርነውን እንፈጽም። ከእኒያ እናት ንግግር በኋላ በአጥሩ ሥር የነበረውን ቀዳዳ ደፈንን፤ ጉድጓድም አስቆፈርን። የመጀመሪያውን ክረምት አልተሳካልንም። የመረሬውን ጠባይ ሳናጤን ስለቆፈርን በሐምሌ ሞልቶ ወደ ቦዩ ፈሰሰ፤ በጎ አሳብም ያለ ጥንቃቄ እንደማይበቃ ተማርን። በጥቅምት አፉን ከፍ አድርገን፣ ክዳን አበጅተን፣ የዶሮውንም ለብቻው መከመር ጀመርን። ከዚያም ወደ እኒያ እናት ቤት ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። እርሳቸውም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ካሉ በኋላ፣ የዶሮው ፍግ ሲደርስ ለጓሮ ጎመናቸው ሁለት ማዳበሪያ ከረጢት እንድንልክላቸው ለመኑን። በየዓመቱ እንልክላቸዋለን። ቀድሞ በቦይ ይደርሳቸው የነበረው አሁን በከረጢት ይደርሳቸዋል፤ ልዩነቱም በደልና ስጦታ ያላቸውን ያህል ነው።

ከአባ ሳሙኤል የሚወጣው የአቃቂ ውሃ ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም በቆቃ አልፎ የአዳማን ሕዝብ ያጠጣል፤ በመጨረሻም በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ ያበቃል። አዋሽ ባሕር አይደርስም። በእርሱ ላይ የምንጥለው ሁሉ በዚሁ አካባቢ ከወገኖቻችን ጋር ይቀራል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ነገ ማለዳ ግቢህን ስታጸዳ አንድ ጊዜ ከአጥሩ ውጭ ወጥተህ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ተመልከት። እስከ መጨረሻ መከተል ባይቻልህ እስከ ሦስተኛው ቤት ተከተለው። በዚያ የምታየው ሰው ባልንጀራህ ነው።

በሰፈራችን መካከል የሚመላለስ እግዚአብሔር ግቢያችንንና ልባችንን በአንድነት ያንጻልን። አሜን።